ልጅን ለማንገሥ የተከፈለ ዋጋ፦ የሃልሻኒዋ ሶፊያ ጋብቻ እና ዛሬም ያልተቋጨው ክርክር

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 በሊትዌኒያ ዋና ከተማ በቪልኒየስ ካቴድራል ምድር ቤት ውስጥ ለሰማንያ አምስት ዓመታት ተደብቆ የቆየ የነገሥታት ንብረት ተገኘ። ዘውዶች፣ በትረ መንግሥት፣ የአንገት ሰንሰለቶች፣ ቀለበቶች እና ከሬሳ ሣጥን ላይ የተወሰዱ ጽሑፍ ያለባቸው ሰሌዳዎች በ1939 በታተሙ ጋዜጦች ተጠቅልለው ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ የደበቋቸው ሰዎች ተመልሰው ሊያወጧቸው አልታደሉም። ዘውዶቹ ነገሥታቱ በሕይወት ሳሉ የደፏቸው አይደሉም፤ ለቀብር ተሠርተው ከባለቤቶቻቸው ጋር መቃብር የወረዱ ናቸው። አንዱ በ1506 የሞተው የአሌክሳንደር ሲሆን፣ የቀሩት የሁለት ንግሥቶች ናቸው።

አሌክሳንደር የፖላንድ ንጉሥም የሊትዌኒያ ታላቅ መስፍንም ነበር። በቪልኒየስ የተቀበረ ብቸኛው የፖላንድ ንጉሥ እርሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ዘውድ ሲገኝ “የማን ታሪክ ነው?” የሚለው ጥያቄ ሳይጠራ ይመጣል። ጥያቄውን የሚያከረው ደግሞ የአባቱ እናት ማንነት ነው። ሴት አያቱ ሶፊያ ትባላለች። ከሊትዌኒያ መሳፍንት አንዱ ከሆነው ከሃልሻኒ ቤት ተወልዳ፣ በኦርቶዶክስ እምነት አድጋ፣ የፖላንድ ንግሥት የሆነች ሴት ናት። የትውልድ መንደሯ ሃልሻኒ ዛሬ ቤላሩስ ውስጥ ነው። ሊትዌኒያ፣ ፖላንድ እና ቤላሩስ ሦስቱም የእኔ ናት ይላሉ፤ ሦስቱም የየራሳቸው ማስረጃ አላቸው።

እኔን ግን ከዜግነቷ ይልቅ የሠርጓ ሒሳብ ይበልጥ ይገርመኛል። ከፖላንድ ንጉሥ ከያጋይሎ ጋር በ1422 የተፈጸመው ይህ ጋብቻ ወራሽ ለማግኘት ብቻ የታሰበ ነበር። ወራሹ ተገኘ። ዙፋኑን ለእርሱ ለማስጠበቅ ግን አባትየው ከባላባቶቹ ጋር ለዓመታት መደራደር ነበረበት፤ የድርድሩ ዋጋ ከሠርጉም ከሙሽሪትም ይልቅ ረጅም ዕድሜ ኖረ።

ነገሩን ከባልየው እንጀምር። ያጋይሎ የሊትዌኒያ ታላቅ መስፍን ሳለ ሕዝቡም እርሱም ገና አልተጠመቁም ነበር። በ1386 ተጠምቆ፣ ቭላዲስላቭ የሚል የክርስትና ስም ይዞ፣ ገና አሥራ ሦስት ዓመት ያልሞላትን የፖላንድ ንግሥት ያድቪጋን አገባ፤ በእርሷም በኩል የፖላንድ ንጉሥ ሆነ። “በእርሷ በኩል” የሚለው ቃል ልብ ይባል። ሊትዌኒያ የአባቱ ርስት ናት፤ ፖላንድ ግን በሚስቱ ያገኛት ናት። ያድቪጋ በ1399 ከወለደቻት ጨቅላ ጋር ስትሞት፣ ባሏ በምን መብት ዙፋኑ ላይ እንደሚቀመጥ ጥያቄ ተነሣ። ለመልሱ ሲባል የቀድሞው የፖላንድ ንጉሥ የካዚሚየዥ ሣልሳዊ የልጅ ልጅ የሆነችውን አናን በ1402 አገባ። አና በ1416 ስትሞት ትታ የሄደችው በእናትየው ስም ሳይሆን በመጀመሪያዋ ንግሥት ስም ያድቪጋ የተባለች አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ነበረች።

ሦስተኛው ጋብቻ መኳንንቱን ያስቆጣ ነበር። በ1417 ንጉሡ ኤልዝቢየታ የምትባል፣ ልጆች የወለደች፣ በዕድሜም የገፋች ባልቴት አገባ። ከዕድሜዋ በላይ ያነጋገረው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፦ ያጋይሎ ሲጠመቅ ክርስትና እናት የሆነችው የኤልዝቢየታ እናት ነበረች። ክርስትና ልጅነት ከሥጋ ዝምድና እኩል በሚከበርበት አገር ያደገ አንባቢ ነገሩ ለምን እንደከነከናቸው ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ንጉሡ የክርስትና እኅቱን አገባ ተባለ። ልጅ ሳይወለድ ኤልዝቢየታ በ1420 ሞተች።

እንግዲህ በ1421 ላይ የቆመውን ንጉሥ እንመልከት። ዕድሜው በትንሹ ስልሳ ገደማ ነው፤ የልደቱን ዓመት አሥር ዓመት ወደ ኋላ የሚወስዱትም አሉ። በግሩንዋልድ ጦርነት የጀርመን ባላባቶችን ማኅበር ድል ከነሣ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ወንድ ልጅ የለውም። የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጁ ያድቪጋ የብራንደንቡርግ መስፍን ልጅ ለሆነው ለትንሹ ፍሬደሪክ ታጭታለች፤ ልጁም አገሩን እንዲለምድ በፖላንድ መዲና በክራኮው እንዲያድግ መጥቷል። ንጉሡ በዚያው ዓመት ቢሞት ዙፋኑ ለጀርመናዊ ቤት ሊያልፍ ነው።

ይህ ዕጣ ከሁሉ በላይ ያሳሰበው ሊትዌኒያን በታላቅ መስፍንነት ይገዛ የነበረውን የንጉሡን የአጎት ልጅ ቪታውታስን ነው። የሀንጋሪው ንጉሥ ሲጊስሙንድ በበኩሉ ለያጋይሎ ሌላ ሙሽራ ይዞ ነበር፤ የሟች ወንድሙን የቦሄሚያውን ንጉሥ ባልቴት። ቪታውታስ ይህንን ማክሸፍ ነበረበት። ያቀረባትም ልጅ ሩቅ አልነበረችም፤ የሁለተኛ ሚስቱ የዩሊያና የወንድም ልጅ ነበረች። አባቷ የሃልሻኒው አንድሬይ ሞቶ፣ ከእኅቶቿ ጋር በእናቷ ወንድም በድሩትስክ መስፍን ቤት ታድግ ነበር። ጦር የላትም፤ ግዛት የላትም፤ ከኋላዋ የቆመ ኃያል ንጉሥ የለም። ለቪታውታስ ትልቁ ጥሎሿ ይህ ነበር፤ ሁሉ ነገሯ ከእርሱ የሚገኝ ንግሥት።

አመራረጡን በተመለከተ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ የተጻፈ የሊትዌኒያ ዜና መዋዕል ጣፋጭ ታሪክ ትቶልናል። ሽማግሌው ንጉሥ በድሩትስክ ሲያልፍ ሁለቱን እኅትማማቾች፣ ታላቂቱን ቫሲሊሳን እና ታናሺቱን ሶፊያን፣ አየ። ልቡ ታናሺቱ ላይ ወደቀ። አጎትየው ግን ታላቂቱ ሳትዳር ታናሺቱን መስጠት ነውር ነው አለ። ንጉሡም ታላቂቱ መልከ መልካም መሆኗን ሳይክድ፣ ከከንፈሯ በላይ ጢም ቢጤ እንዳላት፣ ይህም የብርቱ ልጅ ምልክት እንደሆነ፣ እርሱ ደግሞ ያረጀ ሰው ስለሆነ እንደማይደፍራት መለሰ። መፍትሔ ተገኘ፤ ቫሲሊሳ ለንጉሡ የወንድም ልጅ ለመስፍን ኢቫን ተዳረች፤ መንገዱም ለሶፊያ ተከፈተ። ላባ ለያዕቆብ የሰጠውን መልስ የሚያስታውስ ሰው ታሪኩ ከየት አካባቢ እንደተቀዳ ይጠረጥራል። እኔ የጢሙን ነገር አንድ ሰው ፈጥሮታል ብዬ ለመማል አልደፍርም፤ ነገር ግን ዜና መዋዕሉ ውሳኔውን ሁሉ ለንጉሡ ዐይን ሰጥቶ የቪታውታስን እጅ መደበቁ ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስለኛል። የፍቅር ታሪክ ከፖለቲካ ስምምነት ይልቅ ለልጅ ልጆች ይነገራል።

ሠርጉ በ1422 መጀመሪያ በኖቮግሩዶክ ከተማ ተፈጸመ። ሙሽሪት ከጋብቻው በፊት በካቶሊክ ሥርዓት ተጠምቃ፣ ሶንካ ይሏት የነበረችው ልጅ ሶፊያ ተባለች። ዕድሜዋ አሥራ ሰባት አካባቢ ነበር። የክራኮው መኳንንት ደስ አላላቸውም። ሳይማከሩ የተፈጸመ ጋብቻ ነበር፤ ሙሽሪቷም ድኻ የምሥራቅ ልጅ ነበረች። የንግሥትነት ዘውድ እስክትደፋ ሁለት ዓመት ጠበቀች። በ1424 በክራኮው በተደረገው ሥርዓተ ንግሥ የሀንጋሪው ሲጊስሙንድና የዴንማርኩ ንጉሥ ኤሪክ ተገኙ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ወንድ ልጅ ተወለደ፤ ቭላዲስላቭ።

እዚህ ላይ ነው እውነተኛው ጉዳይ የሚጀምረው። በሊትዌኒያ ሕግ ሕፃኑ የአባቱ ወራሽ ነው፤ አያከራክርም። በፖላንድ ግን አባትየው ራሱ ዙፋኑን ያገኘው በመጀመሪያ ሚስቱ ነበር፤ ሕፃኑ ደግሞ ከድሮዎቹ የፖላንድ ነገሥታት አንዲት የደም ጠብታ የለውም። በደም ከሄድንማ የካዚሚየዥ ዘር የሆነችው የአናዋ ልጅ ያድቪጋ ትቀድመዋለች። ስለዚህ ንጉሡ ልጄን ተቀበሉልኝ ብሎ መኳንንቱን መለመን ነበረበት። መኳንንቱ ደግሞ ልመና ዋጋ እንዳለው ያውቁ ነበር። ሠርጉ በተፈጸመበት ዓመት በጦር ሠፈር ሳሉ፣ ያለ ፍርድ የማንም ባላባት ንብረት እንዳይወረስ ንጉሡን ቃል አስገብተውት ነበርና መንገዱን ተለማምደውታል።

በ1425 በብዤሽች ከተማ ውሉ ተረቀቀ። መኳንንቱ ሕፃኑን ሊቀበሉ፣ በልዋጩም ንጉሡ መብታቸውን የሚዘረዝር ሰነድ ሊያጸድቅላቸው። ሰነዳቸውን ጽፈው፣ ማኅተማቸውን አንጠልጥለው አዘጋጁ። ንጉሡ ግን የራሱን ድርሻ ለመፈጸም እግሩን ጎተተ። በሚቀጥለው ዓመት በዌንቺጻ ጉባኤ ላይ መኳንንቱ ጥያቄያቸውን አነሡ፤ ንጉሡ እምቢ አለ። ታሪክ ጸሐፊው ያን ድሉጎሽ እንደሚተርከው ባላባቶቹ ሰይፋቸውን መዘው፣ ለልጁ ዙፋን የገቡትን ቃል የያዘውን ብራና በንጉሡ ፊት ቆራርጠው ጣሉት። ንጉሡን አልነኩትም። ያልነገሠ ሕፃን መብት ግን ወለል ላይ ተበትኖ ቀረ።

ይህን ትዕይንት የመኳንንት ጋጠ ወጥነት አድርገው የሚያነቡ አሉ። እኔ እንደ ውል ነው የማነበው፤ አንዱ ወገን ድርሻውን ካልፈጸመ ሌላው የራሱን ወረቀት ይቀድዳል፤ ሰይፉ ጌጥ ነው።

በመካከሉ ሌላ ጦስ መጣ። በ1426 የተወለደው ሁለተኛው ልጅ ዓመት ሳይደፍን ሞተ። በ1427 ንግሥቲቱ ሦስተኛውን ፀንሳ ሳለች ከሊትዌኒያ በኩል ክስ ተሰማ፦ ንግሥቲቱ ከባላባቶች ጋር ታመነዝራለች። ክሱን ያቀጣጠለው፣ ከአምስት ዓመት በፊት ያቀረባት ራሱ ቪታውታስ ነበር። ንግሥቲቱን የሚያገለግሉ ሁለት እኅትማማቾች ተይዘው ተጠየቁ፤ ግፊቱ ሲበረታባቸውም የባላባቶችን ስም ጠሩ። ከተጠሩት ገሚሱ አመለጡ፤ የተያዙም ነበሩ፤ ከእነርሱ መካከል ሂንቻ የሚባለው ባላባት በሄንቺኒ ምሽግ እስር ቤት ተጣለ። ንግሥቲቱ የተፀነሰውን ልጅ ካዚሚየዥን ከወለደች በኋላ፣ ከሌሎች የተከበሩ ሴቶች ጋር ቆማ ንጹሕነቷን በመሐላ አረጋገጠች። በዘመኑ ሕግ ይህ ፍርድ ነው፤ የምስክሮቹ ክብር ያህል መሐላው ይከብዳል። ጉዳዩ በዚሁ ተዘጋ፤ ልጆቹም የንጉሡ ልጆች ሆነው ጸኑ።

ቪታውታስ ለምን ፊቱን አዞረባት? ታዛዥ ትሆናለች ብሎ ያመጣት ልጅ በክራኮው የራሷን ወዳጆች ማሰባሰብ ጀምራ ነበር። ቪታውታስ ደግሞ በእነዚያው ዓመታት ሊትዌኒያን መንግሥት አሰኝቶ ዘውድ ለመድፋት ይዘጋጅ ነበር፤ በ1429 በሉትስክ ስብሰባ ሐሳቡ በግልጽ ወጣ። ሽማግሌው ንጉሥ ያለ ሕጋዊ ወራሽ ቢቀር የሚጠቀመው ማን ነበር ብሎ መጠየቅ ብቻ ይበቃል። ዘውዱ ግን አልደረሰለትም፤ በ1430 ኦክቶበር ሞተ።

ድሉጎሽ ሶፊያን ከምግባሯ መልኳ ይሻላል በሚል መንፈስ ነው የሚስላት። ይህ አነጋገር በብዙ መጻሕፍት ሲገለበጥ ኖሯል። ልብ የማይባለው ግን ድሉጎሽ በክሱ ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እንደነበረ፣ ኋላም ጸሐፊ ሆኖ ያገለገለው የክራኮውን ጳጳስ ዝቢግኒየቭ ኦሌሽኒትስኪን እንደሆነ ነው። ጳጳሱ የንግሥቲቱ ዋነኛ ተቀናቃኝ ነበር። በ1431 የእንጀራ ልጇ ያድቪጋ በወጣትነቷ ስትሞት ሶፊያ መርዝ አበላቻት የሚል ወሬም ተነዝቷል። ማስረጃ አልቀረበም። ንግሥት፣ ወጣት፣ ከሌላ አገር የመጣች፣ በዚያ ላይ እንጀራ እናት ከሆነች ሐሜቱ ራሱን ይጽፋል።

ወደ ውሉ እንመለስ። በ1430 በየድልኒያ ንጉሡ እጁን ሰጠ። መኳንንቱ ከልጆቹ አንዱን፣ ለመንገሥ ይበጃል የሚሉትን፣ ሊቀበሉ ቃል ገቡ፤ እርሱም ሰነዳቸውን አጸደቀ። በ1433 በክራኮው ደግሞ አጸናው። ከአንቀጾቹ መካከል በላቲን “ኔሚኔም ካፕቲቫቢሙስ” ብሎ የሚጀምር አለ፤ ፍሬ ነገሩ ርስት ያለው ባላባት በሕግ ካልተፈረደበት በቀር አይታሰርም የሚል ነው። በእንግሊዝ ስሙ የገነነው የሀቤየስ ኮርፐስ ሕግ የወጣው በ1679 ነው። በርግጥ እንግሊዞች በ1215 ተመሳሳይ ቃል ለንጉሣቸው አስፈርመው ነበር፤ ፖላንዶች ብቸኛ ጀማሪ ናቸው ማለት አይቻልም። ነገር ግን የእነርሱ አንቀጽ በመጽሐፍ ብቻ አልቀረም፤ ለሦስት መቶ ስልሳ ዓመታት የፖለቲካቸው ምሰሶ ሆነ።

ይህ ጥያቄ በ1427ቱ ክስ ምክንያት የተወለደ አይደለም፤ በ1425ቱ ረቂቅ ውስጥም ነበረ። የባላባቶቹ በሁለት ሴቶች ቃል ብቻ ጉድጓድ መውረድ ግን አንቀጹ ለምን እንደሚያስፈልግ ሁሉም እንዲያይ አድርጓል። ሂንቻ ከእስር ወጥቶ ኋላ የመንግሥት ግምጃ ቤት ኃላፊ እስከ መሆን ደርሷል።

“ከልጆቹ አንዱን፣ የሚበጀውን” የሚለው ሐረግ ከሁሉ የከበደ ነበር። በኩር መሆን በቂ መሆኑ ቀረ፤ መመረጥ ግድ ሆነ። ፖላንድ ንጉሥ የምትመርጥ አገር ወደ መሆን የሄደችበትን መንገድ ምሁራን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሌሎች እርከኖች ይቆጥሩለታል፤ ይህ ግን አንዱ ትልቅ እርከን ነው። ያጋይሎ ከሌላ፣ ከቀድሞው ዘር ከምትወለድ ሚስት ወንድ ልጅ ቢያገኝ ኖሮ ይህን ያህል የሚከፍልበት ምክንያት ባልኖረ። የሶፊያ ድኽነት ለቪታውታስ ጥቅም ነበር፤ ለባሏ ዕዳ ሆነ፤ ለባላባቶቹ ደግሞ ሀብት።

ንጉሡ ጁን 1 ቀን 1434 ሞተ። በጫካ ቆሞ ናይቲንጌል የምትባለውን በሌሊት የምትዘምር ወፍ ሲያዳምጥ ብርድ መታው ይላሉ። የዘጠኝ ዓመቱ ቭላዲስላቭ በዚያው ክረምት በክራኮው ዘውድ ደፋ። እናትየው ሞግዚት ገዢ አልተደረገችም፤ ሥልጣኑ በኦሌሽኒትስኪ በሚመራው የመኳንንት ቡድን እጅ ገባ። ልጁ በ1440 የሀንጋሪንም ዘውድ ደረበ፤ በ1444 የኦቶማን ቱርኮችን ሊወጋ ዘምቶ በጥቁር ባሕር ዳር በቫርና በሃያ ዓመቱ ተገደለ። ዘመቻው የምሥራቅና የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናትን አንድ ለማድረግ የተጠራው የፍሎረንስ ጉባኤ የፈጠረው የአንድነት መንፈስ ልጅ ነበር ማለት ይቻላል፤ በ1441 ከኢየሩሳሌም የሄዱ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትም የቆሙበት ያው ጉባኤ ነው።

የተረፈው በዚያ ክስ መሐል የተወለደው ካዚሚየዥ ነበር። ከሦስት ዓመት ድርድር በኋላ፣ እናቱም እጇን አስገብታ፣ በ1447 በፖላንድ ነገሠ። እስከ 1492 ገዛ፤ ከልጆቹ አንዱ የቦሄሚያና የሀንጋሪ ንጉሥ፣ ሦስቱ የፖላንድ ነገሥታት፣ አንዱ ካርዲናል፣ አንዱ ቅዱስ ሆኑ። ዘውዱ በቪልኒየስ የተገኘው አሌክሳንደር ከሦስቱ አንዱ ነው። ሶፊያ በ1461 ሞታ በክራኮው በቫቨል ካቴድራል፣ ራሷ ባሠራችው የሥላሴ ጸሎት ቤት ተቀበረች። መጽሐፍ ቅዱስን በፖላንድኛ ያስጻፈችውም እርሷ ናት፤ በቋንቋው ቀዳሚ ከሚባሉት ትርጉሞች አንዱ ነው። ትልቁ የቀረው ክፍል በሀንጋሪ ተቀምጦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጠፋ፤ ዛሬ የምናየው ከጦርነቱ በፊት የተነሣውን የፎቶግራፍ ቅጂ ነው።

ታዲያ የማን ናት? የቤላሩስ ብሔራዊ ባንክ በስሟ የመታሰቢያ ሳንቲም አውጥቷል። ሃልሻኒን የሚጎበኝ ሰው ወደ ፍርስራሹ ቤተ መንግሥት ይመራል፤ ሕንፃው ግን በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን የሌላ ቤተሰብ፣ የሳፒየሃዎች፣ የተሠራ ነው፤ ሶፊያ አንዱንም ድንጋይ አላየችውም። ሠርጓ የተፈጸመበት የኖቮግሩዶክ ቤተ ክርስቲያንም አሁን የቆመው በአብዛኛው በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን እንደገና የተሠራ ነው። ሊትዌኒያውያን ቤተሰቧ ከሊትዌኒያ መሳፍንት የወጣ መሆኑን ያነሣሉ፤ ልክ ናቸው። ቤላሩሳውያን ያደገችበትን እምነት፣ ቋንቋና መሬት ይጠቅሳሉ፤ እነርሱም ልክ ናቸው። ፖላንዶች የኖረችበትን ሠላሳ ዘጠኝ ዓመትና መቃብሯን ያሳያሉ። በ1422 ከእነዚህ አገሮች አንዱም በዛሬ መልኩ አልነበረም፤ ክርክሩ በአመዛኙ ዛሬ ስለ ድንበርና ስለ ክብር ነው። እኔን የሚከነክነኝ ሦስቱም ስለ ውበቷ፣ ስለ ዘርዋና ስለ ዘውዱ ሲያወሩ በልጆቿ ዙፋን የተገዛውን አንቀጽ እምብዛም ከስሟ ጋር አለማንሣታቸው ነው።

የአንቀጹም ነገር ተለክቶ መነገር አለበት። ዋስትናው ርስት ላላቸው ባላባቶች ብቻ ነበር፤ በ1447 ካዚሚየዥ ለሊትዌኒያ ባላባቶችም ሰጣቸው። የከተማ ሰዎች እስኪደርሳቸው ድረስ 1791 ሆነ፤ ከአራት ዓመት በኋላ መንግሥቱ ራሱ በጎረቤቶቹ ተከፋፍሎ ከካርታ ጠፋ። ገበሬው ሕዝብ፣ ማለትም አብዛኛው ሰው፣ በጌታው ፈቃድ ሲታሰር ሲፈታ እስከዚያ ቀን ድረስ በአንቀጹ ውስጥ አልገባም ነበር።